የሌሊት ዘበኛውና «ጎጃም» የተባለው ምልክት

ኮምፒዩተር ሰው በሌለበት ሥራውን አቋርጦ ድርቅ ቢል ማን ይቀሰቅሰዋል? ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባ በምትርቀው፣ በአዊዋ አዘና መሣሪያ ለሚተክል መሐንዲስ የዘወትር ሐሳብ ነው። ከቀደምት መልሶች አንዱ ግን የተዘጋጀው ወደ ጨረቃ ለሚሄድ ማሽን ነበር።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተነደፈው የአፖሎ ኮምፒዩተር «የሌሊት ዘበኛ» የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ዑደት ነበረው። ፕሮግራሙ አንዲት የማስታወሻ አድራሻን ያለማቋረጥ መጎብኘት ነበረበት፤ ከ0.64 እስከ 1.92 ሴኮንድ በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ሳይጎበኛት ቢቀር ዘበኛው ማሽኑን እንደ አዲስ ያስነሣው ነበር። የማስነሻው ምልክት ስም ደግሞ «ጎጃም» ነበር። ስሙ የሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ጥምር ሲሆን፣ አዘና ከምትገኝበት ከቀድሞው ክፍለ ሀገር ስም ጋር የተገጣጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው።

ነዳፊዎቹ ማስነሣት ብቻውን እንደማይበቃ ተገንዝበው ነበር። ስለዚህም ዋና ዋና ሥራዎች የደረሱበትን ደረጃ እየመዘገቡ፣ ከመነሣት በኋላ ከዚያው እንዲቀጥሉ አደረጉ። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11 ለማረፍ ሲወርድ፣ ኮምፒዩተሩ በሥራ ተጨናንቆ የ1202 እና የ1201 ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በዚያ ጊዜ ማስነሣቱን ያዘዘው ዘበኛው ሳይሆን ፕሮግራሙ ራሱ ቢሆንም፣ ቁልቁል ጉዞውን ያዳነው ይኸው የምዝገባ ሥርዓት ነው።

በአንጻሩ በክሌመንታይን መንኮራኩር ላይ ዘበኛው ተገጥሞ ሳለ ፕሮግራሙ አልተጠቀመበትም፤ ሚያዝያ 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ኮምፒዩተሩ ሲሳሳት ትናንሽ ሞተሮቹ 11 ደቂቃ ያህል ነድደው ነዳጁን ጨረሱት። በ1989 ዓ.ም. ማርስ ላይ ያረፈውን ፓዝፋይንደርን ግን ዘበኛው ደጋግሞ አስነሣው። መሐንዲሶቹም ፋታ አግኝተው፣ ዝቅተኛ ተራ ያለው ሥራ ከፍተኛውን እንዳገደው ደረሱበትና ከምድር ሆነው አረሙት።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኮምፒዩተሩ ጠባቂ ግን የሚጮኸው የሚበላው ሲቋረጥበት ነው። እንግዲህ ቁም ነገሩ ማን ይመግበው ነው። የ«ደኅና ነኝ» ምልክቱን ከዋናው ሥራ ተነጥሎ የሚመታ ሰዓት ከላከው፣ ሥራው ሞቶም ዘበኛው ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል። ምልክቱ መላክ ያለበት ልኬቱ ተነብቦ፣ ውጤቱም መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ማስነሣት ከነምክንያቱ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ዘበኛው በሽታውን ሳያድን ሕመሙን ብቻ የሚሸፍን ይሆናል።