የታንኳው ባለቤትና የተተወችው ገመድ

(በራዲዮ የመሠረተ ትምህርት ዝግጅት የተላለፈ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው የገዛ ታንኳውን በገዛ እጁ ስለሚጠግንና ስለሚያሻሽል ሰው ነው። «ታንኳ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ አትጠፉም። አለው እንጂ! እንዲያውም የዛሬው ታሪካችን የአንዲት ገመድ ታሪክ ነው። አያስፈልግም ተብላ የተተወች አንዲት ገመድ በሰባት ሰዎች ሕይወት ላይ ምን አደጋ እንዳስከተለች እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ወደ ጣና እንሂድ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር፣ በረግረግ ቦታ የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። የአገዳው ውስጥ እንደ ስፖንጅ ስለሆነና አየር ስለያዘ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ባለሙያው ደንገሉን ይቆርጣል፣ ያደርቃል፣ ከዚያም በእስር በእስር አድርጎ አጥብቆ ያስረዋል። ምስማር የሚባል ነገር የለበትም። ታንኳውን ታንኳ የሚያደርገው ማሰሪያው ነው። ጭነቱም ውሃ እንዳይነካው ከውስጥ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፍለታል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስንትና ስንት ሸክም ማገዶ የተመላለሰው በዚህ ዓይነት ታንኳ ነው።

ደንገል ግን ውሃ ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ታንኳ ይከብዳል፤ የከበደም ይሰጥማል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። እንዲህ ተደርጎም ዕድሜው አጭር ነው፤ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይቆጠራል። እንግዲህ አስቡት! የደንገል ታንኳ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ሁልጊዜ ይጠግናል፣ ሁልጊዜ ያጠብቃል፣ ሁልጊዜ አዲስ ይሠራል።

ይህን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ያቆዩልን በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በታንኳቸው እየተሻገርን፣ ያጠመዱትን ዓሣ እየበላን፣ እነሱን ግን ንቀን የኖርንበት ዘመን ረጅም ነው። ይህን ሳንሸሽግ መናገር አለብን። የተናቀ ሰው ዕውቀቱም አብሮ ይናቃልና።

ታንኳን ለማሻሻል የተደረገው ሙከራም የዛሬ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጣና ዳር ሳሉ በእንፋሎት ኃይል የሚሄደውን የአውሮፓ መርከብ ለመምሰል ሞክረው ነበር። ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠርተው፣ ከላይ የእንጨት ወለል አስደርገው፣ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚሽከረከር መንኮራኩር አስገጠሙበት። ሐኪሙ ሔንሪ ብላንክ በዚያን ጊዜ እዚያው ስለነበረ በመጽሐፉ ጽፎታል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ የእንፋሎት ሞተር ግን አልነበረም። መንኮራኩሩን የሚያዞረው የሰው ክንድ ስለነበረ የጣና ሰው ወደ ቀድሞው መቅዘፊያው ተመለሰ።

አሁን ወደ ገመዷ እንምጣ።

ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ትልቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ያምናል። ብዙዎች አላመኑትም። እሱ ግን «ሠርቼ ልየው» አለ። ታዲያ ደንገሉን ከየት ያምጣ? በጥንት ዘመን በደንገል ጀልባ ስትጠቀም በነበረችው በግብፅ በቂ ደንገል አላገኘም። ስለዚህ ከእኛው ከጣና ተቆርጦ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ተጓዘለት።

ጀልባው በጊዛ፣ በፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠራ። የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ባለሙያዎች ናቸው። በደንገል ሥራ የተካኑ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን የቻድ ሐይቅ ታንኳ ከፊት እንጂ ከኋላ ወደ ላይ ቀና አይልም። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ግን የጀልባው የኋላ ጫፍ ወደ ላይ ቆልመም ይላል። ከዚያ ከቆለመመው ጫፍ አንዲት ገመድ ወርዳ ከወለሉ ጋር ትታሰራለች።

ሠሪዎቹ የኋላውን ጫፍ እንደ ሥዕሉ አቃኑት። ጫፉም ሳይታሰር ቀጥ ብሎ ቆመ። «እንግዲያው ይህች ገመድ ምን ትሠራለች?» ተባለና ተተወች።

ጀልባው «ራ» ተባለ። ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ተሳፍረውበት ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1969) ከሞሮኮ ጠረፍ፣ ከሳፊ ወደብ ተነሡ። ገና በመጀመሪያው ቀን መሪ መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ። እሱን እየጠገኑ ቀጠሉ። የከፋው ነገር የመጣው ከኋላ በኩል ነው። ማዕበሉ በመታው ቁጥር የኋላው ጫፍ እየዘቀጠ ሄደ። ደንገሉ ውሃ ጠጣ፣ ማሰሪያው ላላ፣ እስሮቹ ተበታተኑ። አሜሪካ አጠገብ ያለችው የባርባዶስ ደሴት አንድ ሳምንት ያህል ሲቀራቸው ሌላ ጀልባ ደርሶ ሰዎቹን አዳናቸው። «ራ»ን ባሕር ላይ ትተው ሄዱ።

ያን ጊዜ የገመዷ ሥራ ገባቸው። ጫፉን ለማቆልመም ብቻ የተደረገች ጌጥ አልነበረችም። ማዕበል ሲመጣ የኋላውን አካል እንደ ቀስት ጅማት ስባ የምትይዝ፣ ዘንበል ሲል መልሳ የምታነሣው እሷ ነበረች። በቻድ ሐይቅ ያለ እሷ ይኖራል። በውቅያኖስ ግን አልተቻለም።

ሄየርዳል ተስፋ አልቆረጠም። በሚቀጥለው ዓመት «ራ ሁለት» ተሠራ። ደንገሉ አሁንም የጣና ነው። ሠሪዎቹ ግን በደቡብ አሜሪካ ካለው ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ባለሙያዎች ነበሩ። ይህኛው ከመጀመሪያው አጠር ያለ ነው። ሁለት ትልልቅ እስሮችን በመካከላቸው ካለ ቀጭን እስር ጋር፣ ዙሪያውን በሚጠመጠም ረጅም ገመድ አጥብቀው አንድ አካል አደረጓቸው። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥቶ በ57 ቀን ውስጥ ባርባዶስ ገባ። ይህ ጉዞ የጥንት ሰዎች በእርግጥ ተሻግረዋል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። የደንገል ጀልባ ግን በሚገባ ከታሰረ ውቅያኖስ እንደሚሻገር አሳይቷል።

ገመድ ጀልባን እንደሚያጠነክር የጥንት ግብፆች ከእንጨት መርከብ ሲሠሩም አልዘነጉትም። ከ3,500 ዓመት በፊት ገደማ ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት አገር የላከቻቸው መርከቦች በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። ከመርከቡ ፊት እስከ ኋላ፣ ከወለሉ በላይ የተወጠረ ወፍራም ገመድ አለ። ሥራው መርከቡ ከመካከሉ እንዳይጎብጥ፣ ጫፍና ጫፉም እንዳይዘቅጥ መያዝ ነው።

እንግዲህ ታንኳ ወይም ጀልባ ያላችሁ ወገኖች፣ ከዚህ ምን እንማራለን? «አታሻሽሉ» ማለት ነውን? አይደለም! አለማሻሻል ወደ ኋላ መቅረት ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ አንድ ነገር ከመቀነሳችሁ በፊት ለምን እንደተደረገ ጠይቁ። በዕድሜ የገፉትን ባለሙያዎች ጠይቁ። «አባቶቻችን ያደርጉት ስለነበር ነው» ቢሏችሁም አትለፉት። ምክንያቱ ተረስቶ ሥራው ብቻ ቀርቶ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ከዚያም ሰውም ዕቃም ሳትጭኑ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ በዳር በዳር ሞክሩት። አሮጌውን ማሰሪያ በናይለን ገመድ ብትተኩት ጥሩ ነው፤ ናይለን ቶሎ አይበሰብስም። ደንገሉ ግን ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ ማሰሪያው ይላላል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቋጠሮ በእጃችሁ ፈትሹ። ባለ ሞተር ጀልባ ያላችሁም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። በጣና ላይ ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ባለ ሞተር የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ገብተዋል። ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ከባድ ነው። ከፊተኛው የበለጠ ሞተር ስትገጥሙ የኋላው ጫፍ ምን ያህል ወደ ውሃ እንደወረደ አስተውሉ። ነዳጁንና ሰውንም ሁሉ ወደ ኋላ አትከምሩ። «ራ»ን የጎዳው የኋላው መዝቀጥ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጻፉት! ፊደል የቆጠራችሁት ለደብዳቤ ብቻ አይደለም። አንድ ደብተር ያዙ። ታንኳው መቼ ተሠራ? መቼ ተጠገነ? ምን ተጨመረ፣ ምንስ ተቀነሰ? ከዚያ በኋላ እንዴት ሆነ? ማንበብ የማይችል አዋቂ ሽማግሌ በአጠገባችሁ ካለ፣ ልጃችሁ እየጠየቀ ይጻፍላቸው። ግብፆች ገመዷን ሥለዋት ነበር፤ ሥራዋን የሚገልጽ ቃል ግን አብሯት አልደረሰንም። አንድ መስመር ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ያች ገመድ አትተውም ነበር።

በየጣቢያችሁ ስትሰበሰቡ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በመንደራችሁ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚሠራ የሥራ መሣሪያ ክፍል አለ? ምን ጥቅም ያለው ይመስላችኋል?

2. በቻድ ሐይቅ የማታስፈልገው ገመድ በውቅያኖስ ለምን አስፈለገች?

3. በታንኳችሁ ወይም በሌላ መሣሪያችሁ ላይ ያደረጋችሁትን አንድ ለውጥ በአምስት መስመር ጻፉ።

በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ። ውሃ ላይ ያላችሁ ደግሞ በሰላም ወደ ዳር ያውጣችሁ።