ብቻውን የሚጫወት ልጅና የሩቅ ቁልፍ

አንድ ሰው በገንዘቡ በገዛው ጨዋታ፣ በገዛ ቤቱ፣ ብቻውን ተቀምጦ ሊጫወት ሲፈልግ ከሩቅ አገር ጠባቂ ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋልን? ይህ ለሽማግሌ የሚሆን ጥያቄ አይመስልም፤ እኔን ግን ሁሩሙ ድረስ መጥቶ አገኘኝ።

ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደለ፤ በማግሥቱም በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያ ኀዘን መካከል ስለ ጨዋታ ማንሣት ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው ነበር፤ የኢሉባቦርም የክረምት ዝናብ ከቤት አያስወጣም። ለእኅቴ ልጅ የቀረው መጫወቻ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ያመጣለት ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ጨዋታውን በከፈተው ቁጥር «መጀመሪያ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲሁ ሆነ። «ኤሱማ» አለኝ፤ የእናቱ ወንድም ነኝና በኦሮምኛ እንዲህ ይጠራኛል፤ «የምጫወተው ብቻዬን ነው፤ ታዲያ ማንን ነው የማስፈቅደው?» መልስ አጣሁና ነገሩን ከሥሩ መመርመር ጀመርሁ።

የነገሩ ታሪክ ጎልቶ የሚታየው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚያ ዓመት «ሃፍ ላይፍ 2»ን ሲያወጣ፣ ዲስኩን ከሱቅ የገዛ ሰው እንኳ «ስቲም» በሚባለው የኢንተርኔት መደብር ሳይመዘገብ ሊጫወት አልቻለም። እዚህ ላይ ለኩባንያዎቹም እውነቱን መመስከር ይገባል። ጨዋታ በብዙ ሰዎች ድካምና በብዙ ገንዘብ ይሠራል፤ ሌባ ግን በጥቂት ደቂቃ ይገለብጠዋል። ደግሞም ምዝገባው ለተጫዋቹ ጥቅም አለው። ዲስክ ቢሰበር ጨዋታው አይጠፋም፤ ጉድለቱ ሲታረም እርማቱ በራሱ ይደርሳል። ስቲምም አንድ ጊዜ ለተመዘገበ ሰው ያለ ኢንተርኔት የሚጫወትበትን መንገድ አበጅቷል።

ጠባቂ በር ላይ ቆሞ «ከፍለሃልን?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ አልቀየመውም። ክፋቱ እቤት ገብቶ ከወንበሬ ጀርባ ሲቆም ነው። በ2010 የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት «አሳሲንስ ክሪድ 2»ን ለኮምፒውተር ሲያወጣ ግንኙነት በተቋረጠ ጊዜ ጨዋታው እንዲቆም አደረገ። በ2013 «ሲምሲቲ» ሲወጣ የኩባንያው ሰርቨሮች ስለ ተጨናነቁ፣ ብቻቸውን ከተማ ሊሠሩ የገዙት ሰዎች ደጅ ቀሩ። ዓመት ካለፈ በኋላ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ተደረገ፤ ለካስ ይቻል ኖሯል! በ2014 የወጣው «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ጨዋታ ግን በ2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ብቻውን ይነዳ የነበረው ሰው እንኳ የከፈለበት ነገር ባዶ ሆነበት። በአውሮፓ ይህን የሚቃወም አቤቱታ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ።

እኛን በቀጥታ የነካው ሌላ ነው። ሶኒ በ2024 «ጋድ ኦፍ ዎር ራግናሮክ»ን ለኮምፒውተር ሲያወጣ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ መመዝገብን ግዴታ አደረገ። ጨዋታው የአንድ ሰው ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ከሚቀበላቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አልነበረችም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው፣ ሊሰርቅም ያላሰበ ኢትዮጵያዊ በአገሩ ስም በሕጋዊ መንገድ ሊገዛው አልቻለም። እንዲህ ያለው ደንብ ሌባን አያግድም፤ ታማኙን ወደ ሌባው ይገፋዋል። በ2025 መጀመሪያ ኩባንያው ግዴታውን እንደሚያነሣ አስታወቀ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ግን የታወሰኝ የራሴ ቁልፍ ነው። አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ በእጄ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ለመጽሐፍ እሳሳለሁ፤ ይሰረቅም ስለ ነበር መቆለፌ አይጸጽተኝም። አንድ ጊዜ ግን ለለቅሶ ጎሬ ስሄድ ቁልፉን በኪሴ ይዤ ሄድሁ። የፈተና ሰሞን ነበር። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ተማሪዎቹ በመስተዋቱ በኩል የመጻሕፍቱን ጀርባ እያዩ ሰንብተው አገኘኋቸው። ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጬ ለዘበኛው ሰጠሁት። በዚያው ዓመት ሁለት መጻሕፍት ጠፉ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።