ፈረንሳይኛን ያለ አስተማሪ፦ ከሉቫን እስከ ዳልፍ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣልኛል። «ቲቸር፣ ዳልፍ ሴ-1ን ብቻዬን ተዘጋጅቼ ማለፍ እችላለሁ ወይ?» የሚል። ጠያቂዎቹ ከጎንደር፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ ናቸው። አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ ፈረንሳይ አገር ለማስተርስ ልታመለክት ነው። ባለችበት ከተማ የዚህ ደረጃ ኮርስ የለም። አዲስ አበባ መጥታ እንዳትማር ሥራዋን መልቀቅ ሊኖርባት ነው፤ ታናናሾቿን የምታስተምረው ደግሞ በዚያው ደመወዝ ነው። «ያለ ኮርስ አትሞክሪው፣ የፈተናውን ብር ነው የምትጥዪው» ያላት ሰው አለ።

ለዓመታት ፈረንሳይኛ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ «እውነቱን ነው፣ ኮርስ ግቢ» ብል ይቀለኝ ነበር። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይልም። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ያዙና አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዲዦን ከተማ በ1770 የተወለደ ዮሴፍ ዣኮቶ የሚባል ፈረንሳዊ መምህር ነበር። ናፖሊዮን ወድቆ የቡርቦን ነገሥታት ሲመለሱ አገሩን ለቅቆ ተሰደደ። በ1818 ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ባለችው፣ ያኔ በኔዘርላንድስ ንጉሥ ሥር በነበረችው ሉቫን ከተማ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ እንዲያስተምር ቦታ ተሰጠው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚያውቁት ፍላሚሽ ነው፤ ፈረንሳይኛ አይችሉም። እሱ ደግሞ ፍላሚሽ አንድ ቃል አያውቅም። አስተማሪና ተማሪ የሚግባቡበት ቋንቋ የለም ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የፌኔሎን «ቴሌማክ» የተባለው መጽሐፍ ፈረንሳይኛውና ፍላሚሹ ጎን ለጎን ሆኖ ብራስልስ ታትሞ ነበር። ዣኮቶ መጽሐፉን በአስተርጓሚ በኩል ሰጣቸውና «ትርጉሙን እያያችሁ ፈረንሳይኛውን አጥኑ» አላቸው። የመጀመሪያውን ክፍል እኩሌታ ሲደርሱ ያጠኑትን ሳያቋርጡ እንዲደግሙ፣ የቀረውን ደግሞ መተረክ እስኪችሉ ብቻ እንዲያነቡ አዘዘ። በመጨረሻ ያነበቡትን በተመለከተ የሚያስቡትን በፈረንሳይኛ እንዲጽፉ ጠየቀ። ሰዋስው አላስረዳም፣ አንድ ቃል አልተረጎመም። የማይረባ ነገር ይጽፋሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ የጻፉት የፈረንሳይ ልጆች ከሚጽፉት የማይተናነስ ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ ቀሪ ዕድሜውን ያሳለፈው ይህንኑ ሲሰብክ ነው። ፈላስፋው ዣክ ራንሲዬር በ1987 ስለ እሱ ባወጣው መጽሐፍ «አላዋቂው መምህር» ይለዋል።

«እኛስ እንዲህ ያለ ነገር የለንም ወይ?» ካላችሁ፣ ሞልቶናል። ዳዊት የደገመ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አንድ መጽሐፍ፣ ቃል በቃል፣ ከአፍ እስኪገባ። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ወግ ይቀየራል፤ የትናንቱን መድገም የለም፣ በየቀኑ የራስህን አዲስ ቅኔ ማቅረብ አለብህ። መጀመሪያ መድገም፣ ቀጥሎ ከራስ ማውጣት። ዣኮቶም ያደረገው ይኸንኑ ነው።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን ተመልከቱ። ፍራንስዋ ጉዌን የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ መምህር ጀርመንኛ ለመማር ሃምቡርግ ሄደ። ብርቱ ሰው ነው። የሰዋስው መጽሐፉን ሸመደደ። ያልተለመዱትን ግሦች ሸመደደ። ይህም አልበቃው ብሎ መዝገበ ቃላቱን ሸመደደ! ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትምህርት ሲያዳምጥ ምንም አልገባው አለ። አገሩ ሲመለስ፣ ሲለየው አፉን ያልፈታው ትንሽ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ከሰው ጋር ሲያወራ አገኘው። ከዚህ ተነሥቶ ነው በ1880 ቋንቋ ስለ መማርና ማስተማር የታወቀውን መጽሐፉን ያሳተመው።

የጉዌን ጉድለት ትጋት አልነበረም፤ ትጋትስ ከሁሉም ይበልጥ ነበረው። የዣኮቶም ተማሪዎች ቢሆኑ ያጠኑት ያለ ማብራሪያ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እነሱ ያጠኑት የተያያዘ ንግግር ነው፤ እሱ የተበታተነ ቃል። ሁለተኛ፣ እነሱን «ምን አየህ? ምን አሰብክ? አሳየኝ» የሚል ሰው ነበራቸው። ዣኮቶ አላስረዳም፤ መሥራታቸውን ግን ያጣራ ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ፈረንሳይኛ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልጅ ተፈሪ ሐረር ላይ ፈረንሳይኛን ያጠኑት ከጓዴሎፑ ተወላጅ ከዶክተር ቪታሊያንና ከአባ ሳሙኤል ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ቋንቋውንም ይዞ ገባ። ዛሬ ታክሲ ላይ «ለገሀር ወራጅ አለ» ስንል ፈረንሳይኛ እየተናገርን ነው፤ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። በ1925 በተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛ ትልቅ ቦታ ነበረው። ከ1941 በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። ሊሴ ገብረ ማርያም በ1947 ተከፈተ፣ አሊያንስም ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል፤ ቢሆንም ከእነዚህ ደጅ ርቆ ለሚኖር ሰው ፈረንሳይኛ በራስ ጥረት የሚፈለግ ቋንቋ ሆነ። የተማሪዬ ችግር የእሷ ስንፍና ሳይሆን ይህ ታሪክ ያመጣው ነው።

ፈተናውስ? ደልፍና ዳልፍን የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር ያቋቋማቸው በ1985 ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 የቋንቋ ደረጃዎችን ከአ-1 እስከ ሴ-2 አድርጎ ካወጣ በኋላ፣ በ2005 ፈተናዎቹ በዚያ ተስተካከሉ። ዳልፍ የላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች ነው፤ ሴ-1 እና ሴ-2። አንዴ ካለፉት ዲፕሎማው ጊዜ አያልፍበትም፤ ፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሌላ የቋንቋ ፈተናም አያስፈልግም።

ሴ-1 አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 25 ነጥብ። ማዳመጥ 40 ደቂቃ ያህል፣ ማንበብ 50 ደቂቃ፣ መጻፍ 2 ሰዓት ተኩል፣ መናገር ከ1 ሰዓት ዝግጅት በኋላ 30 ደቂቃ። ለማለፍ 50 ከ100 ይበቃል፤ ግን በአንዱም ክፍል ከ5 በታች ማምጣት አይቻልም።

ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው የት ነው? «ሴንቴዝ» የሚባለው ላይ። የተለያዩ ጽሑፎች ይሰጡሃል፤ በ220 ቃል ገደማ አንድ አድርገህ ታጠቃልላለህ። የራስህን አስተያየት መጨመር ክልክል ነው፤ ከጽሑፉ ዓረፍተ ነገር መገልበጥም ክልክል ነው። አስተያየትህ የሚፈለገው ቀጥሎ በሚመጣው ቢያንስ 250 ቃል ባለው ድርሰት ላይ ነው። ይህ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ወግ ነው። የእነሱ ልጆች ሐሳብን ከፍሎ፣ አስተሳስሮ፣ በልክ መጻፍን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይለማመዱታል። የእኛ ልጅ ሰዋስው አጥንቶ ይሄድና ያላየው ወግ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ለተማሪዬ የጻፍኩላት ይህን ነው።

ጉዌንን አትሁኚ። የቃላት ዝርዝር የያዘውን ደብተር አስቀምጪው። ጽሑፉ አብሮት ያለ የራዲዮ ዝግጅት ፈልጊ፤ ስምንት ደቂቃ የሚሆን። መጀመሪያ ሳታዪ ሁለቴ ስሚ፣ ፈተናው ላይ ረጅሙ ቅጂ የሚሰማው ሁለቴ ነውና። ቀጥለሽ ከጽሑፉ ጋር አመሳክሪ። ከዚያ ከአፍሽ እስኪገባ ድገሚው። በሳምንት አንድ ይበቃል፤ አሥር ጀምሮ ከመተው አንዱን መጨረስ ይሻላል።

በሳምንት አንድ ሴንቴዝ ጻፊ። ስለ አንድ ጉዳይ የማይስማሙ ሁለት ጽሑፎች ውሰጂ፤ አንብቢና ዝጊያቸው፤ ከማስታወሻሽ ብቻ ጻፊ። ከተዘጋ ወረቀት መገልበጥ አይቻልም። ቃል ስትቆጥሪ በሁለት ክፍት ቦታ መካከል ያለው ሁሉ አንድ ነው፤ «ሴ-ታ-ዲር» በሰረዝ ስለሚያያዝ አንድ ቃል ነው።

ለንግግሩ ስልክሽ ይበቃል። አንድ ሰዓት ተዘጋጂ፣ ቅጂ፣ በማግስቱ እንደ ሌላ ሰው ሆነሽ አዳምጪው።

የመጨረሻውና ዋናው ግን ከዣኮቶ የተማርነው ነው። ብቻ መዘጋጀት ማለት ያለ ሰው መዘጋጀት አይደለም። የሚያስረዳሽ አስተማሪ ባይኖር መጽሐፍ ይተካዋል። «ጻፍሽ ወይ? አሳዪኝ» የሚል ሰው ባይኖር ግን የሚተካው የለም። የነጥብ አሰጣጡ መስፈርት በይፋ የሚገኝ ነው፤ እሱን ይዞ የሚያነብልሽ አንድ ሰው ፈልጊ። ካጣሽ እንዳንቺው የሚዘጋጅ ሰው ፈልጊና ተለዋወጡ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ያየሽውን ድክመት በራስሽ ጽሑፍ ላይ ማየት አይቸግርሽም።

ስለዚህ «ያለ ኮርስ አይሆንም» የሚለው ትክክል አይደለም። ኮርስ የሚያገኝ ሰው ይግባ፣ መንገዱን ያሳጥርለታል። የማያገኘውን ግን በሩን አንዝጋበት።

ፈረንሳይኛ የምትችሉ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ሊሴ የተማራችሁና ውጭ ያላችሁ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ሰጥታችሁ የአንድ ሰው ሴንቴዝ ለማንበብ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ከታች «አነባለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ተዘጋጂዎች ደግሞ ከተማችሁንና የምትፈተኑበትን ወር ጻፉ። እኔ አገናኛችኋለሁ። የመጀመሪያዋ ተማሪ ተመዝግባለች፤ እሷን የማነበው እኔ ነኝ።