የሸማኔው ስም ተከበረ፤ ወገቡስ?

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ያለ አንጥረኛው ጦር፣ ያለ ሸክላ ሠሪዋ ጋን፣ ያለ ሸማኔው ጋቢ አንድ ቀን አያድርም ነበር። ሠሪዎቹ ግን «ጠይብ» እየተባሉ ይገለሉ፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይፈሩ ነበር።

በአንኮበር የነገሡት ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ሰውን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ዛሬም በኩራት ይጠቀሳል፤ ይገባዋልም። አዋጁ ያዳነው ግን የሸማኔውን ስም እንጂ ወገቡን አልነበረም።

የመንዝን ባና ወይም የደብረ ብርሃንን የሱፍ ምንጣፍ ያየ ሰው ውበቱን ያደንቃል፤ አሠራሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሴቲቱ ሱፉን አጥባና አፍታታ ቀኑን ሙሉ በእንዝርት ትፈትላለች። ሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ጎንበስ ብሎ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲልክ ይውላል። ጀርባውን የሚደግፍለት ነገር የለም። ወገቡ ሲያመው «ብርድ ነው» ይባላል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ የማይሸከመው ጥፋት የለም!

ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም በሽተኛውን ሥራው ምን እንደሆነ እንዲጠይቅ መክሮ ነበር። ሥራን ከሰው አካል ጋር ማስማማት ዛሬ ኤርጎኖሚክስ ይባላል። ሰው ለመሣሪያው ሳይሆን መሣሪያው ለሰው ይበጅ ማለት ነው።

የደብረ ብርሃን ሱፍ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. ሲቋቋም ሽመናው ከጉድጓድ ወደ ማሽን ተሻገረ፤ ድካሙ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ሂደቱ የኤርጎኖሚክ አደጋ እንዳያስከትል እንዲጠነቀቅ ያዛል። ማሽን የቆረጠው ጣት ወዲያው ይታያል፣ ይመዘገባል። በአሥር ዓመት የጎበጠን ወገብ ግን ማን መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል? በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወንበር ላይ ልብስ ስትሰፋ የምትውለው ወጣትም ጥያቄዋ ይኸው ነው።

እሷ ቢያንስ የምትከሰው አሠሪ አላት። በቤቱ የሚሸምነው ሰው ማንን ይክሰስ? ምንጣፉን የሚገዛው ነጋዴ የሚከፍለው በስፋቱና በጥራቱ ነው፤ ሕጉም ነጋዴውን «አሠሪ» አይለውም። ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ፣ መቀመጫ ያለው የሽመና ዕቃ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እንጨት፣ አናጺና ትንሽ ሰፋ ያለ ቤት ይፈልጋል። ሸማኔው የሚያጣው እነዚህን ነው፤ ምንጣፉን አትርፎ የሚሸጠው ደግሞ እስካሁን የእኔ ድርሻ ነው አላለም።