በሩጣና የተለመነ

ሰው ቋንቋውን ራሱ የሰየመው ይመስለናል። የቤርታ ሕዝብ ቋንቋ ግን «ሩጣና» ሲባል የኖረው በባዕድ ጆሮ ምክንያት ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ዐረቦች ዐረብ ያልሆነ ሰው የሚናገረውንና እነርሱ የማይሰሙትን ልሳን «ረጧና» ይሉታል፤ በቃሉ ውስጥ ጉርምርምታ፣ ፍቺ የሌለው ድምፅ የሚል ንቀት ተሸሽጓል። ከስናር ተነሥቶ ወርቅ ፍለጋ ወደ ደቡብ የዘለቀው የጀላባ ነጋዴ በደረሰበት ተራራ ሁሉ ያልገባውን ንግግር ሩጣና አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ዛሬ ግን አንድ የአሶሳ ሰው «ሩጣና እንናገራለን» ሲል ቅሬታ የለበትም። ስድቡ ከቃሉ ላይ ረግፎ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቃል በዚያ ምድር ይህ ብቻ አይደለም። የአገሩ የቀድሞ ስም ቤላ ሻንጉል ነው። «ቤላ» በቤርታ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ሲሆን፣ ስሙ በመንጌ ተራራ ላይ ከሚገኝ የተከበረ ዐለት የመጣ ነው ይባላል። የዐረብኛው ጆሮ «ቤላ»ን ሰምቶ «በኒ» አደረገውና የሻንጉል ድንጋይ የሻንጉል ልጆች ሆነ፤ ቤኒሻንጉል። ከሱዳን ነጋዴዎችና ከቤርታ እናቶች የተወለዱትን ደግሞ «ወጣዊጥ» አሏቸው፤ የሌሊት ወፎች ማለት ነው፣ ከወፍም ከአውሬም ያልሆኑ ለማለት።

እኔን ግን ከሦስቱ ቃላት አንደኛው፣ ሩጣና፣ ወደ ሌላ ጥያቄ ወሰደኝ። ንግግሩ ጉርምርምታ የተባለበት ይህ ሰው ሌሊት ብቻውን ተነሥቶ እጁን ሲዘረጋ ጌታውን በምን ቋንቋ ይለምናል? እንዲለምንስ ተፈቅዶለታል?

እስልምና ወደዚህ አካባቢ የመጣው በስናር በኩል ነው። ከ1504 እስከ 1821 እ.ኤ.አ. የዘለቀው የፉንጅ ሱልጣኔት ጥላ እስከ ቤላ ሻንጉል ኮረብቶች ድረስ ያርፍ ነበር። በዚያ መንገድ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ የጫነው ነጋዴ መጣ፤ ከነጋዴው ጋርም ፈቂው መጣ። ፈቂው ይዞት የመጣው የኢማም ማሊክን መዝሀብ ነው። ወሎ በአብዛኛው የሐነፊንና የሻፊዒን መንገድ ሲከተል የምዕራቡ ጠረፍ ማሊኪ ሆኖ የቀረው ስለዚህ ነው። ሕፃናት ቁርኣን የሚቀሩበትን ቤትም እንደ ሱዳኖች «ኸልዋ» አሉት። ኸልዋ በዐረብኛ ብቻ መሆን፣ ከሰው መለየት ማለት ነው። መቼም በኸልዋ ደጃፍ ያለፈ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ እንጨት ሰሌዳቸውን ታቅፈው በአንድ ላይ እየጮኹ የሚቀሩ ልጆች የሞሉበት ቤት ስሙ ብቸኝነት ነውና።

ሶላት በዐረብኛ ነው፤ ቃሉም፣ ቁጥሩም፣ መቀመጫና መነሻውም የተወሰነ ነው። ዱዓ ግን ሌላ ነው። ዱዓ ማለት ጥሪ ነው፤ ባሪያው የጎደለውን ለጌታው የሚናገርበት። ቢሆንም ጥሪው ያለ አደብ አይሆንም። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን በተባለው ታላቅ ሥራቸው የዱዓን አደቦች አሥር አድርገው ዘርዝረዋል። አብዛኞቹን ማንኛውም ሙስሊም ያውቃቸዋል፤ የተመረጠ ሰዓት መጠበቅ፣ ይልቁንም የሌሊቱን የመጨረሻ ሲሶ፤ ወደ ቂብላ ዞሮ እጅን ማንሣት፤ በአላህ ምስጋናና በነቢዩ ሰለዋት መጀመር፤ ደጋግሞ መጠየቅ፤ ይሰማኛል ብሎ ማመን። «ብትሻ ስጠኝ» እያሉ ማመንታት የተነቀፈ ነው። «ለምኜ አልተሰጠኝም» ብሎ ተስፋ መቁረጥም እንዲሁ።

ከአሥሩ ሁለቱ ግን አሶሳን በሚመለከት ከሌሎቹ ይልቅ ያነጋግሩኛል፤ አምስተኛውና አሥረኛው።

አምስተኛው አደብ በዱዓ ውስጥ ቤት ለመምታት አትጨነቁ ይላል። ሥነ ጽሑፍ ለምንወድ ሰዎች ይህ ትንሽ ያስደነግጣል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ የሚለምን ሰው የለማኝ ሁኔታ ሊኖረው ይገባል፤ የተራበ ሰው ደጅ ቆሞ ቃላት አያሳምርም። አል-ገዛሊ የነቀፉት ተጨንቀው የሚያበጁትን እንጂ ሳይታሰብ የሚመጣውን አይደለም። በሐዲስ መጻሕፍት የተመዘገበ አንድ ታሪክ ነገሩን ያጎላዋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንዱን የገጠር ሰው በሶላትህ ምን ትላለህ ብለው ጠየቁት። ጀነትን እለምናለሁ፣ ከእሳት እንዲጠብቀኝ እማፀናለሁ፤ የእርስዎን ጉርምርምታና የሙዓዝን ጉርምርምታ ግን አልችልበትም አላቸው። ነቢዩም እኛም የምናጉረመርመው በዚያው ዙሪያ ነው ብለው መለሱለት። ልብ በሉ፤ ሰውዬው የተጠቀመበት «ደንደና» የሚለው ቃል ድምፁ ተሰምቶ ትርጉሙ የማይለይ ንግግር ማለት ነው። የሩጣና የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ጉርምርምተኛ የተባሉት ነቢዩና ሊቁ ባልደረባቸው ናቸው!

የማሊክ መዝሀብ በቋንቋ ረገድ ጠንከር ያለ ነው። አል-ሙደወና በተባለው የመዝሀቡ ዋና መጽሐፍ ውስጥ ኢማም ማሊክ በሶላት ውስጥ ከዐረብኛ ውጭ ዱዓ ማድረግን እንደጠሉ ተጽፏል። ማስረጃ አድርገው የጠቀሱትም ኸሊፋ ዑመር የባዕዳንን «ረጧና» መከልከላቸውን ነው። ቃሉ ያው ነው። እንግዲህ የቤርታው ደረሳ መዝሀቡን ሲማር የገዛ ቋንቋውን ስም በክልከላ ውስጥ ያገኘዋል ማለት ነው። ኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን ነገሩን አላልተውታል። ዐረብኛ የማይችል ሰው ከሶላት ውጭ በሚችለው ልሳን እንዲለምን ብዙኃኑ ፈቅደዋል። አላህ ልሳናትን ሁሉ የሚሰማ ከሆነ ክልከላው ስለ ሰሚው ሳይሆን ስለ ሥርዓቱ መሆኑ ነው።

ወደ አሥረኛው አደብ ስመጣ ብዕሬ ይከብደኛል። አል-ገዛሊ ይህን የውስጥ አደብ፣ የተቀባይነትም ሥር ይሉታል። ንስሐ መግባትና የተበደለውን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ የታወቀ ሐዲስ አለ። ረጅም ጉዞ የተጓዘ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ አቧራ የለበሰ ሰው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጌታዬ ጌታዬ ይላል። ነገር ግን ምግቡ ሐራም፣ መጠጡ ሐራም፣ ልብሱም ሐራም ነው፤ ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ምላሽ ያገኛል? ተጓዥ ዱዓው ተቀባይ ነው ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ ማዕዱ ግን ከለከለው።

የቤላ ሻንጉል ማዕድ ከምን የመጣ ነበር? ከወርቅ፣ እናም ከሰው። በ1821 እ.ኤ.አ. የግብፁ ሙሐመድ ዓሊ ጦር ስናርን የያዘው ሁለቱን ፍለጋ ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት የአሶሳ፣ የኮሞሻና የመንጌ ሸኾች ኃይል ያገኙት በእነዚሁ ሁለት ሸቀጦች ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን የመሩት ጦር አገሩን ለአፄ ምኒልክ አስገበረ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ድንበሩን አጸና። ከሸኾቹ መካከል ውሎ አድሮ የበላይ የሆኑት ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ናቸው። የአዲስ አበባው ሸጎሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ወርቅ ለቤተ መንግሥት ይገብሩ ነበር። ከቤታቸው ጋር የተያያዘው የባሪያ ንግድም እስከ ሱዳን የተዘረጋ ነበር፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የሱዳን የእንግሊዝ ሹማምንት ሚስታቸውን ሲት አምናን በዚሁ ንግድ ሲከሱ ኖረዋል። የሚታደኑት ማኦው፣ ኮሞው፣ ጉሙዙ፣ ድኻው ቤርታም ጭምር ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ይህ ንግድ በዓለም ፊት ጥያቄ አስነሣባት፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ሼህ ሆጀሌ ከዚያ ቀደም ብለው በ1938 እ.ኤ.አ. ሞተዋል።

እኔ ሼሁን ለመክሰስ አልጻፍሁም። የዘመኑ ጌቶች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከዚያው ማዕድ በልተዋል። ግብሩን የተቀበለው ቤተ መንግሥትም ንጹሕ አልነበረም። ይልቅ የማስበው ስለ አንድ ሌሊት ነው። በትልቁ ግቢ ውስጥ ጌታው ለተሀጁድ ተነሥቶ በጥሩ ዐረብኛ፣ አደቡን ሁሉ ጠብቆ ይለምናል። ቂብላውን አልሳተም፣ ሰለዋቱን አልረሳም። በጓዳው በኩል ደግሞ ወፍጮ ላይ ያደረች አንዲት የማኦ ሴት አለች። ውዱእ አታውቅም፣ ዐረብኛ አልሰማችም፤ ማንም ሩጣና ብሎ እንኳ በማይጠራው ቋንቋዋ አንድ ነገር ታጉረመርማለች። ሙዓዝ ወደ የመን ሲላክ ነቢዩ ካስጠነቀቁት ነገር አንዱ የተበዳይን ልመና እንዲፈራ ነበር፤ በእርሱና በአላህ መካከል መጋረጃ የለምና። ሌላ ዘገባ ደግሞ ተበዳዩ ከሓዲ ቢሆን እንኳ ይላል። መጻሕፍቱ እነዚህ ናቸው፤ ፈቂዎቹም ያውቋቸው ነበር። አውቀው በዚያ ግቢ ውስጥ እንዴት እንዳደሩ ነው የማይገባኝ።

ከሼሁ ዘመን በኋላ አገሩ ሌላ ዓይነት ዱዓም ሰማ። በ1953 እ.ኤ.አ. ያረፉት የቲጃኒያው መሪ አል-ፈኪ አሕመድ ዑመር ከቦርኖ ተነሥተው፣ ሱዳንን አቋርጠው የመጡ ናቸው፤ ያረፉበት ያዓ ዛሬም ከሩቅ የሚመጡ ዘያሪዎች መዳረሻ ነው። በወልይ ስም መለመን ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ረጅም ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

በ1977 ዓ.ም. ግን ወሎ ራሷ ወደ አሶሳ መጣች። በዚያ የረኃብ ዘመን ደርግ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ አሶሳ ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ነበረች። በቁጥር በተሰየሙ መንደሮች የሰፈሩት ብዙዎቹ የወሎ ሙስሊሞች ነበሩ። ይዘው የመጡት ንብረት አልነበረም፤ ወዳጃን ግን ይዘው መጡ። ወዳጃ የኅብረት ዱዓ ነው። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይዘረጋል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሼሁ ወይም አባት የሆነ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ጉባኤው «አሚን» ይላል። ልመናው በአማርኛ ነው፤ ቤትም ይመታል! አል-ገዛሊ ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ሰምተው ዝም ይሉ ነበር። የወሎ ሽማግሌ ምርቃቱን ሲያወርድ ቃል መርጦ አይደለም፤ አፉን የፈታው በዚያ ዜማ ስለሆነ ነው። ለእርሱ ስድ ንባቡ ነው ጭንቀት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወሎው አሚን እና በቤርታው ዝምታ መካከል መተያየት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። አንደኛው ሌላውን ጫጫታ፣ ሌላው አንደኛውን ደረቅ ሳይለው አልቀረም። መሬቱም የሌላ ሰው መሬት ነበር፤ ይህም መረሳት የለበትም። የሰፋሪው ዱዓ ዝናብና እህል ሲሆን፣ የባለአገሩ ዱዓ ደግሞ የአባቶቹ ደንና የማር ቀፎው እንዲተርፍለት ቢሆን አላስገርምም። ሁለቱ ልመናዎች ወደ አንድ ሰማይ፣ ስለ አንድ መሬት ይወጡ ነበር። ሰው ለሌለበት ወንድሙ ሲለምን መልአክ «ላንተም እንዲሁ» ይለዋል የሚለው ሐዲስ በሁለቱም ወገን የታወቀ ነው፤ የሚከብደው ያ ሌላው ሰው ጎረቤት የሆነ እንደሆን ነው።

አሶሳ ሳለሁ አንድ ዓርብ ከመስጊድ ሲወጡ ካገኘኋቸው ሽማግሌ ጋር ሻይ ጠጣሁ። ቤርታ ናቸው፤ በልጅነታቸው ኸልዋ ገብተዋል፣ አማርኛውን የተማሩት ከሰፋሪዎቹ ጋር በገበያ ነው። ኢማሙ ዱዓ አድርጎ ሰው አሚን ካለ በኋላ፣ እጆች ፊት ላይ ከመውረዳቸው በፊት ትንሽ ጸጥታ አለች። በዚያች ጸጥታ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሰዎች ነግረውኝ ነበርና «አባቴ፣ ለብቻዎ ሲለምኑ በምን ቋንቋ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ምስጋናው በዐረብኛ ነው ልጄ፤ ሰለዋቱም በዐረብኛ ነው፤ እንዲያ ነው የተማርነው» አሉኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ «የቀረውን በሩጣና እነግረዋለሁ። ይሄ ጉልበቴ ሌሊት ሌሊት እንዴት እንደሚጠዘጥዘኝ በዐረብኛ ምን እንደሚባል አላውቅም» አሉ።