የወደቁትን ማን ይመልሳቸው? የካርቴጅ ቤተ ክርስቲያን ከዴሲየስ ስደት በኋላ

በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ከቆዩት የፓፒረስ ጽሑፎች መካከል ከአርባ የሚበልጡ አጫጭር የምስክር ወረቀቶች ይገኛሉ። ይዘታቸው ተመሳሳይ ነው። ባለ ወረቀቱ ዘወትር ለአማልክት ሲሠዋ መኖሩን ይናገራል፤ አሁንም በመርማሪዎች ፊት መሥዋዕት ማቅረቡንና ከሥጋው መቅመሱን ይገልጻል፤ ከዚያም ፊርማና ቀን ይከተላል። የተጻፉት በ250 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ንጉሠ ነገሥት ዴሲየስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ነው።

ትእዛዙ ካርቴጅ ሲደርስ ብዙ ክርስቲያኖች ወታደር እስኪመጣባቸው አልጠበቁም፤ በገዛ እግራቸው ሄደው ሠዉ። ሌሎች ዕጣን ብቻ አጨሱ። ገንዘብ ያላቸው ደግሞ ሳይሠዉ እንደ ሠዉ የሚመሰክር ወረቀት ከባለሥልጣን ገዙ፤ እነዚህ እጃቸው ጣዖት ስላልነካ ንጹሕ እንደ ሆኑ ያስቡ ነበር። ኤጲስ ቆጶሱ ሳይፕሪያን ተሸሽጎ መንጋውን በደብዳቤ ይመራ ነበር።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ለወደቁት የሚጨክኑት የታሰሩትና የተገረፉት፣ የሚራራው ደግሞ የሸሸው ኤጲስ ቆጶስ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። እስረኞቹ የወደቁ ወዳጆቻቸው በለመኗቸው ጊዜ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ አንዳንዱ ደብዳቤ ለአንድ ሰውና «ከእርሱ ጋር ላሉት» ሁሉ የተሰጠ ነበር፤ እነዚያ ሃያ ይሁኑ ሠላሳ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንድ ቀሳውስትም ያለ ንስሐና ያለ ምርመራ ወደ ጌታ ማዕድ አቀረቧቸው። ሳይፕሪያን ይህን ተቃወመ። በሞት አፋፍ ያሉት ሰላም ያግኙ፤ የሌሎቹ ጉዳይ ግን ስደቱ አልፎ ቤተ ክርስቲያን በአንድነት እስክትመክርበት ይቆይ አለ። ይህን ከተሸሸገበት ሆኖ ለታሰሩት መጻፍ ቀላል አልነበረም፤ ስለ ሽሽቱ ከሮም ቀሳውስት እንኳ ነቀፌታ ደርሶበታል። ሽሽቱን እንዴትም ብንፈርደው፣ በዚህ ጉዳይ ግን እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር ብዬ አምናለሁ። መግል የቋጠረ ቁስል ሳይታጠብ ቢሸፈን የሚጎዳው ታማሚውን ነው፤ እርሱም ስለ ወደቁት በጻፈው መጽሐፍ የሚከራከረው በዚሁ መንገድ ነው።

በ251 የጸደይ ወራት ስደቱ በረደ፤ የአፍሪካ ኤጲስ ቆጶሳትም በካርቴጅ ተሰበሰቡ። ውሳኔያቸው ለሁሉም አንድ አልነበረም። ወረቀት የገዙት ጉዳያቸው አንድ በአንድ ታይቶ እንዲመለሱ፣ የሠዉት ግን በንስሐ ቆይተው በሞታቸው ሰዓት እንዲቀበሉ ተስማሙ። ለእረኛ የሚጠቅመው ልዩነቱን ያዩበት መንገድ ነው። ወዲያው ሮጦ የሠዋና ብዙ ታግሎ ተገዶ የሠዋ እኩል አይደሉም። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ መሠዊያ የሄደና ቤተሰቡን ለማዳን ብቻውን ወደ አደጋው የገባም እንደዚሁ። ሳይፕሪያን ለአንቶኒያን በላከው ረጅም ደብዳቤ እነዚህን ዐይነት ሰዎች ለየብቻ ይመዝናቸዋል። በአገራችንም በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና አገልጋዮች ሲታሰሩ በፍርሃት ከኅብረቱ የራቁ ነበሩ። ሲመለሱ ምን ተጠየቁ? ማን ተቀበላቸው? ይህን የኖሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ የሴሚናሪ ተማሪዎች ቢጠይቋቸው መልካም ነው።

ሮም ውስጥ ኖቫቲያን በዚህ ሁሉ አልተስማማም። የተማረ ሰው ነበር፤ ስለ ሥላሴ የጻፈው መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይነበባል። የወደቁት ንስሐ ይግቡ፣ ምሕረትን ከእግዚአብሔር ይጠብቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ወደ ኅብረቷ ልትመልሳቸው አትችልም አለ። ይህን አቋም በችኮላ መናቅ አይገባም፤ ቅድስናን ከልቡ የሚወድ ሰው አቋም ነው። ችግሩ ንስሐ ግባ ብሎ ጠርቶ በሩን መዝጋቱ ነው። ሳይፕሪያንም የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ፍሬው የተነፈገ ሰው ለምን ያለቅሳል? የኖቫቲያን ወገኖች ግን ለብዙ ዘመን ቆዩ። የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ እንደሚተርከው፣ በኒቅያ ጉባኤ ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ከእነርሱ ወገን የሆነውን ኤጲስ ቆጶስ አኬሲዮስን የመለያየታቸውን ምክንያት ጠይቆ ከሰማ በኋላ፣ እንግዲህ መሰላል አቁመህ ብቻህን ወደ ሰማይ ውጣ ብሎታል። (ጥያቄው ከዲዮቅልጥያኖስ ስደት በኋላ በዶናቲስቶች ዘንድ እንደ ገና ተነሥቷል፤ እርሱን አንባቢ ከአውግስጢኖስ ትምህርት ስለሚያውቀው እዚህ አልገባበትም።)

የ251ዱ ውሳኔም ብዙ አልቆየም። በንጉሠ ነገሥት ጋሉስ ዘመን ሌላ ስደት ሲያሰጋ፣ አርባ ያህል ኤጲስ ቆጶሳት ከሳይፕሪያን ጋር ተሰብስበው በንስሐ የቆዩትን ሁሉ፣ የሠዉትንም ጭምር፣ ሳይዘገዩ ተቀበሏቸው። ምክንያታቸውን ለሮም ጻፉ፤ ስለ ክርስቶስ ደማችሁን አፍስሱ የምንላቸውን ሰዎች የክርስቶስን ደም እንዴት እንከለክላቸዋለን? መጀመሪያ ማዕዱ ለጸኑት የሚሰጥ ነበር፤ አሁን ግን ሰው ይጸና ዘንድ የሚያስፈልገው ስንቅ ሆነ። የንስሐውን ጊዜ አላቃለሉትም፤ የተቀበሉት ከወደቁበት ቀን ጀምሮ ሲያለቅሱ የኖሩትን ነው።

በቫሌሪያን ዘመን ሳይፕሪያን አልሸሸም። በ257 ተጋዘ፤ መስከረም 14 ቀን 258 ካርቴጅ አጠገብ በሰይፍ ተገደለ። ሰያፊው ሲመጣ ወገኖቹን ሃያ አምስት የወርቅ ሳንቲም እንዲሰጡት አዘዘ።