ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ

በቀድሞ ዘመን አባቶቻችን የአገርን ርቀት የሚናገሩት «የዚህን ያህል ቀን መንገድ ነው» እያሉ ነበር። ዛሬ ርቀቱን በኪሎ ሜትር፥ ጊዜውን በሰዓት እንቈጥራለን፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ በአየር 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የመንገደኞች በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላኑ ባለሁለት ሞተር ዳግላስ ሲ-47 ነበር። ይህ ዓይነት አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ ርቀቱን ለፍጥነቱ ብናካፍል ከ9 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ በአሥመራ የሚቆምበት ጊዜ ሳይቈጠር ማለት ነው። ዛሬ ጄት በ4 ሰዓት ያህል ይደርሳል።

ጊዜውን ያሳጠረው ግን ሞተር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ አይሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። የልደታው ሜዳ ለጄት ስላልበቃ በቦሌ አዲስ ሜዳ ተሠራ፤ ቦይንግ 720 ጄቶችም በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ።

እኛ የጀሞ ተማሪዎች ይህ አይጠፋንም። መንገድ በተጨናነቀ ጊዜ ከዚህ እስከ ቦሌ ያለችው አጭር ጉዞ ምን ያህል እንደምታቈይ እናያለንና። እንግዲህ የሚበረውን ስናደንቅ፥ በምድር ሜዳውን ያስተካከለውንም ሠራተኛ እናመስግን።